ሊሾ ከመፍሰሱ በፊት ከወለሉ ሥር ይታይ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁን ደሴ ፒያሳ ላይ ከአዟሪ እየገዛሁ ሳነብ ዓመታት አልፈዋል። ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። 34 ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የሰው ስሕተት ማረም በሽታ ሆኖብሃል ትለኛለች ባለቤቴ። ይሁንና ባለፈው ወር ስለ ቤት እድሳት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ጸሐፊው የአሮጌ ቤቶችን የጣውላ ወለል ያነሡና፣ መሀሉ የሰመጠ እንደሆነ ላዩ ላይ ፕላስቲክ አንጥፎ አምስት ሳንቲ ሜትር ሊሾ፣ ማለትም የሲሚንቶ ወለል፣ ማፍሰስ ነው ይላሉ። አለቀ። ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል የለም። ያንኑ ምክር እኔም ከአንድ ተቋራጭ አፍ ሰምቼ ለጥቂት ልፈጽመው ነበርና፣ እንዴት እንደተረፍሁ ልንገራችሁ።

ቤታችን ከጦሳ ተራራ ሥር ካሉት አሮጌ ሰፈሮች በአንዱ ነው። አባቴ በ1954 ዓ.ም. የገዙት ነው። መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፤ የሳሎኑና የሁለቱ መኝታ ቤቶች ወለል ደግሞ ጣውላ። ሰፈርተኛው «የጣሊያን ቤት» ይለዋል። ደሴ ላይ ሲረገጥ ድም ድም የሚል ወለል ያለው ቤት ሁሉ የጣሊያን ቤት ነው። ከእነዚሁ ቤቶች ግማሹ ደግሞ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ከቦምቡ የተረፈ ነው ይባላል። ጣሊያን ደሴ ሳይገባ በፊት የጣሊያን ቤት ከጣሊያን ቦምብ እንዴት እንደተረፈ የሚጠይቅ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ወለሉ መስመጡን ቀድማ ያወቀችው ባለቤቴ ናት፤ ያወቀችውም በቡና ነው። ረከቦቷ የሚቀመጠው ከሳሎኑ መሀል ትንሽ ወደ ግራ ነው። አንድ ቀን ቀድታ ስታበቃ ሲኒውን እያሳየች «እየው እስቲ፤ ቡናው በዚህ በኩል አፍ ድረስ ሞልቶ በዚያ በኩል ጎድሏል» አለችኝ። ረከቦቱ ተንጋዶ ነው አልሁና ከአንድ እግሩ ሥር ወረቀት አጥፌ አስገባሁ። ቡናው ተስተካከለ። ከዚያ በኋላ ወደ አራት ዓመት ያህል ወረቀቱን እያወፈርን ኖርን። በመጨረሻ ከረከቦቱ ሥር የነበረው አንድ ሙሉ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ነው።

ነገሩ የተገለጠልኝ የልጅ ልጄ ለእረፍት በመጣ ጊዜ ነው። ከበሩ አጠገብ የለቀቃት ብይ ራሷ እየተንከባለለች ሄዳ ከረከቦቱ ሥር ቆመች። ከመስኮቱ ሥር ለቀቃት፤ እዚያው ሄደች። ከሶፋው ሥር ለቀቃት፤ እዚያው። «አባባ፣ ብይዋ ሁልጊዜ እማማ ጋ ነው የምትሄደው» አለኝ። ያን ማታ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሲባጎ ወጠርሁ። ሁለቱን ጫፎች ከግድግዳው ግርጌ፣ ከዞኮሎው ሥር አስነክቼ መሀሉ ላይ ስለካው ከሲባጎው እስከ ጣውላው 43 ሚሊ ሜትር ሆነ። ሳሎኑ ደግሞ 4 ሜትር ከ80 በ4 ሜትር ከ20 ነው።

ምክንያቱን የሚነግረኝ ሰው አልጠፋም። ደሴ ተዳፋት ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ በክረምት መሬት ሲንሸራተት አይተን ስላደግን የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ግምት እርሱ ነው። አንድ ጎረቤቴ «ይኸ የካራቆሬው ርዝራዥ ነው» አሉኝ፤ በ1953 ዓ.ም. ማጀቴንና ካራቆሬን ያፈራረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ ማለታቸው ነው። ስልሳ ዓመት ቆይቶ የሚደርስ ርዝራዥ አላውቅም። ሰውየው ግን ያኔ ልጅ ሆነው ከመደብ ላይ መውደቃቸውን ስለሚያስታውሱ አልተከራከርኋቸውም። ሦስተኛው ሰው ምስጥ ነው አለ።

ተቋራጩ ወጣት፣ ጨዋ ልጅ ነው፤ ላማው አልፈልግም። ቤታችን የቆየው አምስት ደቂቃ ነው። በጫማው ተረከዝ ወለሉን ሁለት ጊዜ መታና «ጋሼ፣ ይኸ አልቆለታል። ፕላስቲክ አንጥፈን፣ ሊሾ አፍስሰን፣ ሴራሚክ እናልብሰው» አለኝ። የጠየቀው የአሥራ አራት ወር ጡረታዬን ነው። ሴራሚክ የሚለው ቃል ባለቤቴን ደስ እንዳሰኛት ከፊቷ አየሁ። እሺ አስብበታለሁ ብዬ ሸኘሁት።

ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አሰላለሁ። ሳሎኑ 20 ካሬ ሜትር ግድም ነው። ሃያ ካሬ በአምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ሜትር ኩብ ይሆናል። አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ወደ 2,400 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 24 ኩንታል ማለት ነው። የሰመጠውን መሀል ለመሙላት የሚጨመረውን፣ ሴራሚኩን፣ ሶፋውንና ሰውን ሳልቆጥር ነው። አንድ የማላውቀው ነገር አጉብጦት ያለን ወለል፣ ያ ነገር ምን እንደሆነ ሳላይ፣ 24 ኩንታል ልጭንበት ነው። ለተማሪ እንዲህ ያለ መልስ ብቀበል ኖሮ ራሴን ከሥራ አሰናብት ነበር።

በማግሥቱ አንድ አዛውንት አናጢ አስጠራሁ። እኒህ ሰው ወለሉን በጫማ አልመቱትም። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ተንበርክከው፣ ሳንቃው ከሳንቃ በሚገናኝበት ስንጥቅ ላይ አፍንጫቸውን ደቅነው አሸተቱ። ከዚያ በመዶሻቸው እጀታ ከግድግዳው ሥር ጀምረው እየቆረቆሩ ወደ መሀል ሄዱ። ድምፁ ዳር ላይ ጠንካራ ነበር፤ መሀል ሲደርስ እንደ ባዶ ዱባ ሆነ። «መምህር፣ ጣውላው ደኅና ነው። የታመመው ተሸካሚው ነው። ሁለት ሳንቃ ላንሣና አንቱም ገብተው ይዩት» አሉኝ።

ሁለቱ ሳንቃዎች ሲነሡ የወጣውን ሽታ አልረሳውም። የእንጉዳይ፣ የእርጥብ ጆንያ፣ ክዳኑ ዓመት ያልተከፈተ ጉድጓድ ሽታ ነው። ከሥር ያለው ባዶ ቦታ ከፍታው ከክንድ እምብዛም አይበልጥም። አናጢው ቀድመው በሆዳቸው ገቡ፤ እኔም ባትሪ ይዤ ተከተልኋቸው። ባለቤቴ ከላይ ሆና «በዚህ ዕድሜህ!» ስትል ይሰማኛል።

ሳንቃዎቹን የሚሸከሙት አናጢዎች ሞራሌ የሚሏቸው ሰባት እንጨቶች ናቸው። ጫፍና ጫፋቸው የድንጋዩ መሠረት ውስጥ ገብቷል። አራቱ ደኅና ነበሩ፤ የድሮ ጥድ ናቸው፤ ሲላጡ አሁንም ሽታቸው እንደ ዕጣን ነው። የመሀሎቹ ሦስቱ ግን ሌላ ታሪክ ነበራቸው። አናጢው ካቻቢቴውን መሀለኛው እንጨት ላይ አስደግፈው በአውራ ጣታቸው ብቻ ጫኑት፤ እስከ እጀታው ገባ። የተቆረሰውን መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ቡናማ ነው፤ በአራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ተሰነጣጥቋል፤ በሁለት ጣት ሳሸው እንደ ቡና ዱቄት ሆነ። «ምስጥ ቢሆን የጭቃ ቧንቧ ሠርቶ በድንጋዩ ላይ ሲወጣ እናይ ነበር፤ ውስጡም በአፈር ይሞላ ነበር። ይኸ ብስባሽ ነው፤ እርጥበት ነው» አሉ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከቆቦና ከወልድያ ተፈናቅለው የመጡ 14 ዘመዶቻችን፣ ሕፃናቱም ጭምር፣ ሳምንታት የተኙት እዚሁ ሳሎን ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግተው ነው። ያን ሁሉ ሰው ተሸክመው ያደሩት እነዚህ በአውራ ጣት የሚበሱ እንጨቶች መሆናቸው ትዝ ሲለኝ፣ እዚያው በሆዴ እንደተኛሁ ገላዬ ቀዘቀዘ።

ከብስባሹ አጠገብ፣ አፈሩ ላይ፣ አንዲት ስሙኒ አገኘሁ። ዙሪያዋ እንደ አበባ የተቀረጸው፣ የጃንሆይ ምስል ያለባት፣ 1936 የሚል የታተመባት የድሮዋ ስሙኒ። በሳንቃ ስንጥቅ የወደቀች ናት። ልጅ ሳለሁ ስለጠፋች ስሙኒ የተገረፍሁት ግርፊያ አለ፤ ይህቺው ትሁን አትሁን መሐላ አልገባም፤ ግን ኪሴ ከተትኋት።

አናጢው ባትሪዬን ተቀብለው ብርሃኑን በመሠረቱ ድንጋይ ላይ አዞሩት። ከፊት ለፊቱ ግንብ ላይ አራት፣ ከጀርባው አራት፣ ስፋታቸው የአንድ ጡብ ያህል የሆኑ ቀዳዳዎች ነበሩ። ነበሩ ነው የምለው። በአንዳቸውም በኩል ብርሃን አይገባም። የፊት ለፊቶቹ በአፈርና በድንጋይ ታፍነዋል፤ መንገዱ ባለፉት ዓመታት እየተሞላና ከፍ እያለ መጥቶ፣ በመጨረሻ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከቀዳዳዎቹ በላይ ሆኗል። ብርሃኑ ወደ ጀርባው ዞረ። እዚያ ያሉት አራቱ በሲሚንቶ ተደፍነዋል፤ በጥንቃቄ፣ በግንበኛ ማንኪያ ተስተካክለው።

«ይኸን የደፈነው ማነው?» አሉ አናጢው።

የሸረሪት ድር ፊቴ ላይ እንደተለጠፈ፣ የቤት ሥራውን እንዳልሠራ ተማሪ ዝም አልሁ። በ1996 ዓ.ም. አይጥ አስቸገረን፤ በዚያ ላይ የደሴ የጥቅምት ብርድ በሳንቃው ስንጥቅ እየገባ እግራችንን ሲቆርጠው ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ ገዝቼ በገዛ እጄ ደፈንኋቸው። እንዴት አድርጌ እንዳስተካከልሁት ለጎረቤት ሁሉ አሳይቻለሁ።

እንግዲህ የወለላችን በሽታ ይኸው ነው። ተንሸራትቶ አይደለም፤ አርጅቶም አይደለም። ታፍኖ ነው። ከቤት ሥር ያለ አፈር ክረምትና በልግ የጠጣውን ውሃ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይተነፍሳል። የድሮዎቹ ግንበኞች ይህን ያውቁ ስለነበር ከፊትና ከኋላ ቀዳዳ ተዉ፤ ነፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣና እርጥበቱን ይዞ ይሄዳል። በአንድ ወገን ብቻ ክፍት ቢሆን እንኳ ሥራው ይደክማል፤ ነፋስ መውጫ ከሌለው አይገባምና። በሁለቱም ወገን ሲደፈን እርጥበቱ እንጨቱ ላይ ይቀመጣል። እንጨት ደግሞ የያዘው ውሃ ከክብደቱ 20 በመቶ በታች እስከሆነ ድረስ አይበሰብስም፤ በደረቅ ቦታ መቶ ዓመት ይኖራል። ከዚያ በላይ ረጥቦ ሲከርም ነው ፈንገስ የሚበላው። ለዚህ ነው የፕላስቲኩና የሊሾው ምክር ያስቆጣኝ። ከታች የታፈነውን ከላይም አፍኑት ማለት ነው። በሳንቃዎቹ ስንጥቅ የምትወጣው ጥቂት እርጥበት እንኳ መንገድ አታገኝም፤ ሴራሚኩ ከላይ እያብለጨለጨ ከሥሩ የቀሩት አራት ጥዶችም ይሄዳሉ።

ጥገናው ሳምንታት ፈጀ። ቶሎ ያለቀ የመሰለኝ ክፍል የመጀመሪያው ነው። ቀዳዳዎቹን ከፈትን፤ የጀርባዎቹን በመሮ እኔው ራሴ ፈለፈልሁ፤ በራሴ ሲሚንቶ ጥራት ኮርቼ ተራገምሁ። አይጥ እንዳይገባ የብረት ወንፊት ተደረገባቸው፤ በ1996 ማድረግ የነበረብኝ ይኸው ነበር። የፊት ለፊቶቹን ለመክፈት ከግንቡ ጋር ተያይዞ ጠባብ ቦይ ቆፍረን፣ አፈሩን በድንጋይ ደግፈን፣ ከላዩ የብረት ፍርግርግ ተደረገበት። የተበሳው አሸንዳ ተቀየረ፤ የእጣቢ ውሃ ይደፋበት የነበረው ማዕዘን ወደ ውጪ እንዲያዘነብል ተደለደለ። ከዚያ ሳንቃው እንደተነሣ ሥሩ ለአሥር ቀን እንዲደርቅ ተተወ።

አስቸጋሪው ማንሣቱ ነው። ከጎረቤት ሹፌር የአይሱዙ ክሪክ ተዋስን። እኔ በአንድ ቀን የሚያልቅ መስሎኝ፣ 43 ሚሊ ሜትር ምን አላት ብዬ ነበር። አናጢው ሳቁብኝ። «የሃያ ዓመት ጉብጥና ነው መምህር። ባንድ ቀን ካቀናነው ደኅናው እንጨት ይሰነጠቃል፣ ግድግዳዎም ይከተላል» አሉ። ክሪኩን ባዶ አፈር ላይ አላስቀመጡትም፤ ሰፊ የእንጨት መደብ ከሥሩ አድርገው፣ በክሪኩና በወለሉ እንጨቶች መካከል ደግሞ አንድ ረጅም አግዳሚ አጋደሙ። ግፊቱ በአንድ ነጥብ እንዳይሆን ነው። ከዚያ በየቀኑ ከዙሑር ሶላት በኋላ መጥተው ክሪኩን ትንሽ ያዞሩታል፤ በቀን ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ሚሊ ሜትር። ያነሡትን ያህል ከጎኑ በተተከለው ድጋፍ ሥር ሽብልቅ ይመታሉ፤ ሻይ ይጠጣሉ፤ ይሄዳሉ። ባለቤቴ «ለዚህ ነው የቀን ሒሳብ የሚከፈላቸው?» አለች። ተነጋግረን የነበረው ግን በቀን ሳይሆን በሥራው ነበር።

ከፍታውን የምንለካው ውሃ በሞላበት ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ነው። አንዱን ጫፍ እኔ ግድግዳው ላይ ካደረግሁት የእርሳስ ምልክት ጋር እይዛለሁ፤ ሌላውን እሳቸው መሀል ላይ ይይዛሉ። ውሃ በሁለቱም ጫፍ አንድ ከፍታ ላይ ይቆማል። 34 ዓመት ስለ አግድም መስመር ያስተማርሁ ሰው፣ አግድም መስመርን በእጄ የያዝሁት ያኔ ነው። ሌሊት ሌሊት ቤቱ ይንቋቋ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ከመኝታ ቤቱ በር በላይ ያለው ልስን ፀጉር ያህል ተሰነጠቀ። አናጢው አዩትና ሁለት ቀን ሳይነኩት ዋሉ።

እንጨቱን በተመለከተ ትንሽ ልቆይ። አባቴ በ1970ዎቹ ወለሉ ነቅነቅ ሲል ከሥሩ የባሕር ዛፍ አጣና አስገብተው ነበር። ተቆርጦ ያልደረቀ፣ ባዶ አፈር ላይ የተቀመጠ አጣና። ሲደርቅ ተጣምሞ ከወለሉ ተላቅቆ ነበር፤ ከአፈሩ የሚነካው ጫፉም በስብሷል። አናጢው ይህን አሳይተውኝ፣ የደረቀ እንጨት ካልመጣ ሥራውን እንደሚተዉ ነገሩኝ። ጥድ ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም፤ አገር በቀል ዛፍ ስለሆነ እንደ ልብ መቆረጥም የለበትም። ያገኘነው ከፈረሰ ቤት ነው። ሁለት መንደር ወዲያ ለፎቅ ቦታ የፈረሰ አንድ አሮጌ ቤት ነበር። ሞራሌዎቹን ለማገዶ ሊሸጧቸው ደርድረዋቸው አገኘን፤ ቢያንስ የእኔን ዕድሜ የሚያህል፣ በመጋዝ ሲቆረጥ ሽታው ሰፈሩን የሚሞላ ጥድ። የማገዶ ዋጋ ከፍለን በጋሪ አመጣነው።

የበሰበሱትን ሦስቱን ሙሉ በሙሉ አላወጡም። የዱቄቱን ክፍል ቆርጠው ጣሉና፣ ጤነኛው ላይ ወዲያና ወዲህ ስድሳ ስድሳ ሳንቲ ሜትር እንዲሻገር አድርገው አዲሱን ጥድ ግራና ቀኝ አጣምረው በቡሎን አሰሩት። እንጨቶቹ 5 ሳንቲ ሜትር በ10 ናቸው። የሚረዳቸው ልጅ አንዱን አስተኝቶ ሊያስገባ ሲል ጮኹበት። «አቁመው! የተኛ እንጨት ሰው አይሸከምም!» ልክ ናቸው፤ ያው እንጨት አሥሩ ሳንቲ ሜትር ቁመት ሆኖ ሲቆም፣ ጉብጠቱ ከተኛው ሩብ ብቻ ነው። መሀል ላይ ደግሞ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ቆፍረው ሦስት የድንጋይ እግሮች ገነቡና በእነርሱ ላይ ተሻጋሪ አግዳሚ አሳረፉ። ለምን መሀል ላይ እንደሆነ ስጠይቃቸው «የሩቅ መንገደኛ መሀል ላይ ማረፊያ ይፈልጋል» አሉኝ። ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት፤ ጭነቱ እኩል የተዘረጋ ከሆነ ጉብጠት የሚያድገው በርዝመቱ አራተኛ እርከን ነው። ርዝመቱ በግማሽ ሲያጥር ጉብጠቱ አሥራ ስድስተኛ እጅ ይሆናል። ይህን ባሳያቸው ወረቀቱን ትንሽ አየት አደረጉና «ታዲያ እኔስ ምን አልሁ?» አሉ። በድንጋዩና በእንጨቱ መካከል የቆርቆሮ ቁራጭ ማስገባታቸውንም ልብ በሉ። ድንጋይና ሲሚንቶ ውሃ ይመጥጣሉ፤ ቆርቆሮው ያንን ውሃ ያግደዋል። ጠቅላላ ወጪው የአምስት ወር ጡረታዬ ሆነ።

ሊሾን የምጠላ እንዳይመስላችሁ። ኩሽናችን ሊሾ ነው፤ ደኅና ነው። የጣውላው ወለል ከነተሸካሚው ካለቀ፣ ሁሉንም አውጥቶ፣ ሥሩን በድንጋይ ሞልቶ፣ ጠቅጥቆ፣ ከዚያ ኮንክሪት ማፍሰስ የአባት ነው። ጣውላው ላይ ማፍሰስ ግን አልጋ ላይ ግንብ መገንባት ነው። ደግሞም ሁሉም የሰመጠ ወለል እንደ እኛ አይደለም። የድንጋዩ መሠረት ራሱ እንደ ደረጃ እየረገጠ ከተሰነጠቀ፣ በሮችና መስኮቶች ባንድ ክረምት አልዘጋ ካሉ፣ ቱንቢ ሲወርድ ግድግዳው ከገመዱ ከሸሸ፣ ያኔ ነገሩ የአናጢ አይደለም፤ መሬቱ ነው፤ መሐንዲስ ይጠራ። በደሴ ይህ ቀልድ አይደለም። እኛ አስቀድመን አራቱን ማዕዘን በቱንቢ አይተናል፤ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ሌላ አንድ ነገር አለ፤ ከዚህ ደብዳቤ ውጪ ቢሆንም እግረ መንገዴን ልናገረው። ስለ ደሴ ቅርስ ሲወራ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ይነሣል፤ መርሆ ግቢ ይነሣል። ይነሣ፤ ይገባቸዋል። ሰው የሚኖርባቸው፣ ቡና የሚፈላባቸው እነዚህ ተራ ቤቶች ግን ለጥገና ምክር የሚሰጣቸው ጠፍቶ፣ ምክር የሚባለው ሲገኝም እንደ ጋዜጣችሁ ጽሑፍ ሆኖ፣ አንድ በአንድ ማገዶ እየሆኑ ነው። እኔ የገዛሁትም ማገዶ የአንድ ሰው ሳሎን ነበር።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛው ለእናንተ ነው፤ እርማት አውጡ። ረጅም መሆን የለበትም። «ሁለት ሳንቃ አንሥታችሁ ሥሩን ሳታዩ ምንም አታፍስሱ፤ የመሠረቱን መተንፈሻ ፈልጉ» ቢባል ይበቃል። ሁለተኛው መንገድ ለሚያነጥፉ ነው። ኮብልስቶኑን አልቃወምም፤ ከጭቃ አውጥቶናል። ነገር ግን ድንጋዩ ከቤት መሠረት ጋር ሲገናኝ፣ ከግንቡ ሥር ያለች ትንሽ ቀዳዳ ለጌጥ የተተወች አይደለችም። አንድ ጫማ ስፋት ያለው ቦይ ቢተውላት፣ ወይም የመንገዱ ከፍታ አንድ ድንጋይ ዝቅ ቢል፣ በየሰፈሩ ስንት ወለል ይተርፋል።

የእኛ ወለል 37 ሚሊ ሜትር ተነሥቷል። ስድስት ሚሊ ሜትር ቀርቷታል፤ አናጢው ከዚህ በላይ ልስኑን አላምነውም ብለው ተዉት። ብይዋ አሁንም ወደ ረከቦቱ ትሄዳለች፤ ግን ሳትቸኩል። ከሶፋው ሥር የሚከፈት የሁለት ሳንቃ ክዳን ትተናል፤ በየመስከረሙ ከፍቼ ካቻቢቴ ይዤ እንድገባ ታዝዣለሁ።

በቅርቡ ደግሞ የጀርባችንን መተላለፊያ ኮብልስቶን ሊያነጥፉት ነው፤ ድንጋዩ ከወዲሁ ተራግፏል። አራቱን ቀዳዳዎች በጠመኔ ከብቤ ከላያቸው «አትድፈኑ» ብዬ ጽፌ ነበር። የሰኞው ዝናብ አጠበው። ትናንት ነጭ ቀለምና ብሩሽ ገዝቻለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር
ደሴ